«ዝጊው!» «ዘግቻለሁ!»

ባለፈው ሰሞን የጁስ መፍጫዬ ተበላሸ። ጅቡቲ፣ ጋቦዴ ሠፈር ባለው ቤታችን ወጥ ቤት ቆሜ ማንጎ እየፈጨሁ ሳለ ከሞተሩ ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ታየኝና አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታው። የተቃጠለ ላስቲክ አይደለም፤ ጭስም አይደለም። ሹል የሆነ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል አየሩ የሚሸተውን የሚመስል ግን ከዚያ የበረታ ሽታ ነው። ልጄ ከሳሎን «እማዬ፣ ምን ተቃጠለ?» ብላ ጮኸች። «ምንም» አልኳትና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ማንጎው ግማሹ ተፈጭቶ ግማሹ እንዳለ ነው። እኔ ግን ከወጥ ቤቴ ወጥቼ ያደግሁበት ሠፈር ካርቲየ 7 ቢስ፣ የእናቴ ዕቃ ቤት ውስጥ ገብቼ ነበር።

ያንን ሽታ ከቅርብ ያሸተትኩት ሊሴ የምንለውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጨረስኩበት ክረምት ነው። ክረምት የምለው ከወላጆቼ በወረስኩት ልማድ እንጂ ጅቡቲ ላይ በሐምሌ ዝናብ ብሎ ነገር የለም። ያለው ካምሲን የሚሉት ከበረሃ የሚነሳ ትኩስ ነፋስ ነው፤ አሸዋውን ይዞ መጥቶ ሰው ጥርስ ውስጥ ይከተዋል። ምግብ አይበላ፣ እንቅልፍ አይተኛ። ጠዋት ባጌት በሻይ ነክሬ እቀምሳለሁ፣ ማታ የመኖቹ ለሁለት ሰንጥቀው ከሚጠብሱት ዓሣ ትንሽ እቆነጥራለሁ፣ በቃ። ባክ የምንለውን የመጨረሻ ፈተና ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር። መጠበቅ የሚባለውን ነገር ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አልችልበትም።

በተለይ ከቀትር በኋላ ያለው ሰዓት ያሳብደኝ ነበር። በዚያ ሰዓት ከተማው እንዳለ ይተኛል። ሱቁ ይቆለፋል፤ ወንዱ ጫቱን ይዞ ጋደም ይላል፤ ውሻው እንኳ ከመኪና ሥር አይወጣም። እኔ ብቻ ቁጭ ብድግ እላለሁ። መጽሐፍ አንስቼ እጥላለሁ፤ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፤ ተመልሼ ደግሞ የማላውቀውን ነገር እፈልጋለሁ። እናቴ ከተጋደመችበት ዓይኗን ሳትገልጥ «ይቺ ልጅ መቀመጫዋ ላይ ምን በቀለባት?» ትላለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከዚያ ከተማ፣ ከዚያ ሙቀት፣ ከራሴም ቢሆን መውጣት ነበር የምፈልገው።

ያን ክረምት ከእኔ የባሰበት ሰው እቤታችን መጣ። ጋሼ ተካ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። በአዲስ አበባና በጅቡቲ መሃል ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፤ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። የሚጭነውን ዕቃ የያዘው መርከብ ስለዘገየ መኪናውን እንደ ሌሎቹ ሾፌሮች ከከተማው ዳር ፔካ 12 የሚባለው ማቆሚያ ላይ አቁሞ፣ ከወንበሩ ሥር ደብቆ ያመጣውን የድሬዳዋ ብርቱካን በከረጢት ይዞ በሚኒባስ እኛ ዘንድ ገባ። አንድ ቀን አረፈ። በማግሥቱ ቬንቲላተሩን ፈቶ ገጠመው። በሦስተኛው ቀን ምንም ያልሆነውን ሬዲዮ ፈታ። «ሰው ቤት ተቀምጦ መብላት እንደ መታሰር ነው» ይላል፤ እናቴ ደግሞ «የእህትህ ቤት ሰው ቤት ሆነ?» ብላ ትቀየመዋለች።

ስለ እናቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ድሬዳዋ ተወልዳ ጅቡቲ የተዳረች ናት፤ አባቴ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ እኔ ትንሽ ሳለሁ ነው ያረፈው። በርበሬ፣ ሽሮና ቅቤ ከአገር ቤት እያስመጣች ለሐበሻው ትሸጣለች። ከወንድሞቿ ሁለቱን ጦርነት፣ አንዱን መንገድ ወስዶባታል። የቀራት ተካ ብቻ ነበር። እሱም ኑሮው መንገድ ላይ ስለሆነ፣ በመጣ ቁጥር ከማቀፏ በፊት ሁለት እጁን ይዛ ከራሱ እስከ እግሩ ታየዋለች። እሱ «ሙሉ ነኝ፣ ሙሉ ነኝ» እያለ ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን ጋሼ ተካ ከፔካ 12 ሲመለስ ጡብ የሚያክል ጥቁር ብረት ታቅፎ መጣ። ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ያገኘው ነው። መሃል ከተማ የነበረ አንድ ዳንስ ቤት ሲፈርስ የተነቀለ፣ የበሩን ቀይ የመብራት ጽሑፍ ያበራ የነበረ ትራንስፎርመር ነው። የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ብዙ ሺህ ቮልት አድርጎ ይተፋል። እሱ «የሬዲዮ ዕቃ ይሆነኛል» ብሎ ነው ያመጣው። እኔ ግን ሳየው ልቤ ዘለለ። የፊዚክስ አስተማሪያችን አንድ ጊዜ በቤተ ሙከራ እንዲህ ካለው ነገር ላይ ሁለት ዘንግ አቁሞ ሲያሳየን፣ ብልጭታው ከታች ተነስቶ በዘንጎቹ መሃል እየተንቀለቀለ ሽቅብ ሲወጣ፣ ጫፍ ደርሶ ሲጠፋ፣ እንደገና ከታች ሲነሳ አይቼ ለሳምንት ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኝ ነበር።

«እንሠራዋለን» አልኩት።

«ምኑን?» አለኝ። ስነግረው ዓይኑ በራ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንንም የሚያስቀምጠን ጠፋ።

ችግሩ እናቴ ነበረች። ዕቃ ቤቷን ስንለምናት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ብረቱን አየችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ብልጭታ የሚያወጣ ነው፣ እማዬ። ለማየት ብቻ። እሳቱ ከታች ወደ ላይ ይወጣል።»

«ከቤቴ ይውጣ።»

«ስሙ እኮ የያዕቆብ መሰላል ነው» አልኩ፤ ፈረንሳዮቹ እንደዚያ ነው የሚሉት።

እጇን ከወገቧ አወረደች። «የማን?»

«የያዕቆብ።»

«መላእክት ሲወጡበት ሲወርዱበት ያየው?»

«ይሄኛው ላይ መውጣት ብቻ ነው» አለ ጋሼ ተካ። «መውረድ የለም።»

በእሱ ቤት መቀለዱ ነው። እናቴ ግን ፊቷ ሲለዝብ አየሁት። ለወሩ ማኅበር ተራው የእሷ ነበር፤ ሴቶቹ እሑድ ከሰዓት እቤታችን ይመጣሉ። የያዕቆብ መሰላል ዕቃ ቤቷ ውስጥ ያላት ሌላ ማኅበርተኛ ደግሞ በጅቡቲ አልነበረችም። ፈቀደች። ከፈቀደች በኋላ ግን ወንድሟን ክንዱን ያዘችው። «ተካዬ፣ የቀረኸኝ አንተ ነህ። ይህ ነገር አንተን ቢነካህ እኔን ነው የሚገድለኝ።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም ስሚ። ሐሳቡን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ወንድሜን በደህና ለመንገዱ ትመልሺልኛለሽ።»

ይህን የተናገረችው ሳትቆጣ ነው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ተጠንቅቀን ሠራን። ይህን አንባቢ እንዲያምነኝ እፈልጋለሁ፤ ሁለት ቅብጥብጥ ሰዎች በሕይወታችን እንደዚያ ተጠንቅቀን አናውቅም። ጅቡቲ ውስጥ የማቀዝቀዣ ቁርጥራጭ የማይገኝበት ሠፈር ስለሌለ፣ ዘንጎቹን ከአሮጌ ኤርኮንዲሽነር የመዳብ ቧንቧ አወጣናቸው። ከታች ጣት የሚያሾልክ ያህል ተቀራርበው፣ ከላይ መዳፍ ያህል እንዲራራቁ አድርገን በሸክላ መያዣ ላይ አቆምናቸው። የበርበሬውን ጆንያና የቅቤውን ጣሳ ሁሉ ወደ ግቢ አወጣን። የትራንስፎርመሩን ሽፋን በሽቦ ከመሬት ጋር ለማገናኘት ግቢው ውስጥ ብረት ቀበርን፤ ሠፈራችን ትንሽ ሲቆፈር ጨው ውሃ ስለሚወጣ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ጋሼ ተካ ከመኪናው ወለል ያነሳውን ወፍራም ላስቲክ ምንጣፍ አነጠፈ። ዘንጎቹን ማስተካከል ካስፈለገ በደረቅ የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ብቻ፣ ያውም በቀኝ እጅ፤ ግራው እጅ ወደ ኋላ ኪስ ይገባል። ኤሌክትሪክ ከአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገዱ ልብ ላይ ነውና። ክፍሉ እንዲጨልም መስኮቱን በካርቶን ጋረድነው፤ ብልጭታው የሚያወጣው ሽታ ሳንባ ስለሚጎዳ በየጥቂት ደቂቃው ካርቶኑን እናነሳዋለን። ማብሪያው ደግሞ እንደ ቢላ ወደ ታች ሲወርድ የሚያገናኝ፣ ወደ ላይ ሲነሳ የሚያላቅቅ እጀታ ያለው ነው። እሱን ረጅም ሽቦ ቀጥለንለት ከክፍሉ ውጪ፣ ከበሩ መጋረጃ ወዲህ አደረግነው። እኔ እዚያ እቆማለሁ፤ እሱ ውስጥ ሆኖ ያያል።

እየሠራን የሊሴ መጽሐፌን እየተረጎምኩ አስተምረው ነበር፤ የልብ ልብ ተሰምቶኛል። «ጋሼ፣ ሰርኪዩቱ ሲዘጋ ነው ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው። ክፍት ከሆነ አያልፍም።» ፈረንሳይኛው ቃል በቃል እንደዚያ ነው፤ ቀለበቱ ሲገጥም ተዘጋ ይባላል፤ ሲላቀቅ ተከፈተ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለኝ። «ቧንቧ ስትዘጊ ነው ውሃ የሚመጣው?»

«ውሃ ሌላ ነው።»

«ሬዲዮስ? ሬዲዮ ዝጊ ስልሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ጋሼ! ይሄ ፊዚክስ ነው።»

«እሺ፣ ፊዚክስ» ብሎ ብርቱካን ላጠልኝ። ተሳሳቅን፤ በቃ ተግባባን ብዬ አሰብኩ።

ከማኅበሩ በፊት በነበረው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ልንሞክረው ገባን። ያን ጊዜ የሠፈሩ መብራት ሲቆራረጥ ጎረቤታችን ሮብሌ ጄኔሬተር እያስነሳ ለእኛም ያካፍለን ነበር፤ ጄኔሬተሩ ከግድግዳው ባሻገር እያጓራ ነው። ላቡ ከጀርባዬ ይወርዳል። «ዝግጁ!» አለ ከመጋረጃው ጀርባ። እጀታውን አወረድኩ። ጠበቅሁ። ብልጭታ የለም። ዘንጎቹ ከታች ተራርቀው ኖሮ ብልጭታው መዝለል አልቻለም። ምንም ብርሃን ስላላየሁ እጀታውን መልሼ አነሳሁት። ማንሳቴን ለእሱ አልነገርኩትም፤ መጋረጃ አለ፤ ጄኔሬተሩ ይጮሃል። እሱ ትራንስፎርመሩ አሁንም እየሠራ ያለ መስሎታል። ስለዚህ ወደ ዘንጎቹ ከመቅረቡ በፊት፣ እንደ ተጠንቃቂ ሰው፣ ማለት የሚገባውን አለ።

«ዝጊው!»

እኔ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ዝጊ ስባል ማጥፋት መሆኑን ከሕፃንነቴ አውቃለሁ። እዚያ መጋረጃ ጋ የቆመችው ግን የሊሴዋ ልጅ ነበረች። መዝጋት ማለት ለእሷ ማገናኘት ነው። እጀታውን አወረድኩት።

ጋሼ ተካ ጥቂት ታግሶ፣ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ በመጥረጊያው እንጨት የአንዱን ዘንግ ሥር ወደ ውስጥ ገፋ አደረገው። ያን ጊዜ ቷ ብሎ ፈነዳ። መጋረጃው በሰማያዊ ብርሃን ተሞላ። ብልጭታው እየተንጫጫ ሲወጣ በጨርቁ በኩል ጥላውን አየሁት፤ ያ ሽታም መጣ። ጮቤ ረገጥኩ። ከውስጥ የእሱን ጩኸት ሰማሁ።

«ዝጊው!»

«ዘግቻለሁ!» አልኩ በደስታ።

«ዝጊው እኮ ነው የምልሽ!»

«ዘግቻለሁ! ይዤዋለሁ!» እንዳይላቀቅ ብዬ እጀታውን በሁለት እጄ ተጫንኩት።

ጋሼ ተካ ወደ ኋላ ዘሎ ጥግ ገብቷል። ዘንጎቹ የቆሙበት ጠረጴዛ ከእሱና ከበሩ መሃል ነው፤ ለመውጣት ከዘንጎቹ አጠገብ በጎኑ ማለፍ አለበት፤ ክፍሉ ጠባብ ነው። እንጨቱ ከእጁ ወድቋል። ድምፁ ተለወጠ። «ዝጊው በማርያም!» አለ። ደስታዬ የቀዘቀዘው «በማርያም» ሲል ነው። ደስ ያለው ሰው እንደዚያ አይልም። ግን እጄ አልላላም። አእምሮዬ ይበልጥ መዝጋት እንጂ ሌላ ነገር አላመጣም።

እናቴን ስትመጣ አላየኋትም። ባዶ እግሯን፣ ሻሿ ወልቆ፣ በአጠገቤ አልፋ ግድግዳው ሥር ተንበረከከችና ሶኬቱን ነቀለችው።

ጨለመ። የሮብሌ ጄኔሬተር ብቻ ቀረ።

«ተካ?» አለች። መልስ የለም። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ አንድ ክፉ ነገር እንደሠራን ገባኝ። ሞቷል ብዬ አመንኩ። የእናቴን የመጨረሻ ወንድም እጀታ ተጭኜ ገደልኩት ብዬ አመንኩ። ያቺን ቅጽበት ዛሬም ሳስባት ቁጭ ማለት አልችልም።

«አለሁ» አለ ከጨለማው።

እናቴ ገብታ ካርቶኑን ከመስኮቱ ገነጠለችው። ጋሼ ተካ ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ ግራ እጁ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው። እናቴ እጁን ከኪሱ አወጣችው። ከዚያ ቀኙን። ጣት በጣት አየቻቸው፤ ገለበጠች፤ እንደገና አየች። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ያለችው።

«ምን ነበር የምትባባሉት?»

«ዝጊው አልኳት» አለ።

«ዘጋሁት» አልኩ እያለቀስኩ። «መዝጋት ማለት ማገናኘት ነው፤ ነግሬህ አልነበረም?»

«እኔ አጥፊው ማለቴ ነው!»

«ታዲያ አጥፊው አትልም?»

ጋሼ ተካ አፍጥጦ አየኝ። «የሚጠፋ እኮ የበራ ነገር ነው። ገና መቼ በራና አጥፊው እላለሁ? ከበራ በኋላማ አፌ ላይ የቀረው ያው ቃል ነው።»

እሱ ትክክል ነበር። እኔም ትክክል ነበርኩ። ያስፈራኝም ይኸው ነው። ላስቲኩን አንጥፈናል፣ ሽቦውን መሬት አስገብተናል፣ እጃችንን ኪሳችን ከተናል፤ ግን ሁለታችንም ያመንነው አንድ ቃል መሃላችን ተቀምጦ ነበር።

እናቴ ከእኔ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ አየች። «እናንተ ልጆች» አለች፣ «በአንድ አማርኛ ልትገዳደሉ ነበር።» ከዚያ ያስፈራኝ ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ፤ ጋሼ ተካ ተነስቶ አቀፋት።

ትጥለዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጣለችውም። ማኅበሩ ተጠርቷል፤ ለማኅበርተኛዋ ለእትዬ ዘውዴ ደግሞ አስቀድማ አውርታላቸዋለች። ሕጉን ግን እሷ ደነገገችው። ከዚያ ቀን ወዲያ ዕቃ ቤቱ ውስጥ «ዝጋ» እና «ክፈት» የሚባል ቃል የለም። ያለው «ተሰክቷል» እና «ተነቅሏል» ነው። ጋሼ ተካ ዘንጎቹን ሊነካካ ሲገባ የሶኬቱን ጫፍ በራሱ ኪስ ይዞ ይገባል፤ ስለዚህ ማንም ምንም ቢል፣ በምንም ቋንቋ ቢል፣ እሱ ላይ የሚደርስ ነገር የለም። እኔ ከዚያ በኋላ ስለ ኤሌክትሪክ ደኅንነት ብዙ አንብቤያለሁ። ከዚህ የተሻለ ደንብ አላገኘሁም።

እሑድ ሴቶቹ መጡ። ከላስቲኩ ምንጣፍ ርቀው፣ ነጠላቸውን ከነፋስ ሰብስበው፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። እናቴ ሶኬቱን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ነበረች። ሰካችውና «ተሰክቷል» አለች። ብልጭታው ከታች ተነሳ፤ ቀጭን፣ ሐምራዊ፣ እየተጣመመ፣ እየሰፋ፣ አየሩ ሲሞቅ ወደ ላይ እየሳበው ወጣ፤ ጫፍ ላይ ተበጠሰ፤ ሌላው ተከተለው። «በስመ አብ!» አሉ እትዬ ዘውዴ። ትንሽ ቆይተው፣ «አንዴ ድገሙልኝ» አሉ። ተደገመ። እናቴን አየኋት። እሷ መሰላሉን አታይም ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምታየው ወንድሟ የት እንደቆመ ነው።

በሳምንቱ መርከቡ ገባ። ጋሼ ተካ ጭኖ ሄደ፤ እናቴ ፔካ 12 ድረስ ሸኘችው። ባክም አለፍኩ። ትራንስፎርመሩ ሽቦው ተቆርጦ ለብዙ ዓመት የዕቃ ቤቱ በር በነፋስ እንዳይመታ መደገፊያ ሆነ። እናቴ ዐርፋለች። ጋሼ ተካ አዳማ ነው፤ የልጅ ልጅ አይቷል፤ ጣቶቹ ሙሉ ናቸው።

እኔ ከዚያ ከተማ አልወጣሁም። ፈረንሳይኛና አማርኛ ሁለቱንም ስለማውቅ ሐኪም ቤት አስተርጓሚ ሆንኩ፤ የእኛ ሾፌሮች ሲታመሙ በእነሱና በሐኪሙ መሃል እቆማለሁ። ሐኪሙ ይናገራል፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ ሾፌሩ ራሱን ነቅንቆ «ገባኝ» ይላል፣ መኪናው ቆሞበታልና ለመነሳት ይቸኩላል። እኔ አላስነሳውም። «ምን ገባህ? በራስህ አፍ ንገረኝ» እለዋለሁ። ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል፤ ሾፌሩ ይቀየማል፤ አንዳንዱ «እህቴ፣ እኔ ሕፃን ነኝ?» ይለኛል። ይበል። ሲጨቃጨቁ፣ እየደጋገሙ ሲጠያየቁ፣ ግራ ሲጋቡ ምንም አይመስለኝም። ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል ቶሎ ሲግባቡ ሳይ ነው ልቤ የሚሸበረው።